ሴት ልጅ አያፏጭም

ከወላይታ ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ያለው ዘመድ ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጥሬ ሥጋው ነው። «እንደሚባለው ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ እንደሚባለው ነው። ዳጣ ከሚሉት ከዚያ ምላስ ከሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ ጋር ሲሆን ደግሞ ከሚባለውም ይበልጣል። እሱን ጨረስን። እኔ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን በአንድ ቃል ምክንያት ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር የተጣላሁበትን ጉዞ ነው። እናንተ በዚያ በኩል የመሄጃ ምክንያት ላይኖራችሁ ይችላል፤ እኔ ግን ሄጃለሁና ስሙኝ።

ሥራዬ ነርስነት ነው። የልጆችን አስምና አለርጂ በሚያጠና ፕሮጀክት ውስጥ የመስክ አስተባባሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። የጥናቱ ነገር ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ከተማ የሚያድግ ልጅና ገጠር የሚያድግ ልጅ እኩል ይታመማሉ ወይ? እኩልስ ይታከማሉ ወይ? የሚመሩት አዲስ አበባ ያሉ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ክፉ ሰውም አይደሉም። አንድ ቃል ገብተውልን ነበር። ሕመሙ የተገኘበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ፓፍ ይላክለታል፤ ያቺ በአፍ የምትሳበው የአስም መድኃኒት ማለቴ ነው። ሕመሙ ያልተገኘበት አካባቢ ምንም አይላክለትም። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ሰኞ

ገና ሳይነጋ ከደብረ ብርሃን ወጣሁ። እንደ አገሬ ልማድ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ ካፖርት ጨምሬበት ነበር። ሻሸመኔ ስደርስ ካፖርቱ ጭኔ ላይ፣ ሹራቡ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል። ከአዲስ አበባ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መስኮቱ አልከፈት አለኝ። «ይከፈታል፣ ትንሽ ይጠነክራል እንጂ» አለ ረዳቱ። እንደጠነከረ ሶዶ ገባን።

ጉዱ የመጣው ሀላባ ላይ ነው። ሾፌሩ ወርዶ ጠፋና በርበሬ የታጨቀ ጆንያ አሸክሞ ተመለሰ፤ እሱም አንድ ቢሆን ምን ነበረበት! እግራችን ሥርና ወንበሮቹ መሃል ጠቀጠቀው።

«ኧረ ወንድሜ፣ ጣራው ላይ ጫነው!» አልኩት።

«እናቴ፣ ዝናብ ከመጣ እኮ ይበላሻል።»

«እኛስ ብንበላሽ?»

«እናንተማ አድራችሁ ትድናላችሁ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከጆንያው ብናኝ ብን ይላል፣ እኛም ተራ በተራ እናስነጥሳለን። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ የጋቢያቸውን ጫፍ ዘረጉልኝና «አፍንጫሽን ያዢበት ልጄ» አሉኝ። ለማያውቋት ሴት፣ ያውም እንደዚያ የነጣ ጋቢ! አላስቀይማቸውም ብዬ ያዝኩበት። ሳንባ ላስጠና የምሄደው ሴትዮ ሳንባዬን መንገድ ላይ ጥዬው ልቀር ምንም አልቀረኝም።

ሶዶ ስንገባ ዳሞታ ተራራ አናቱ በጉም ተሸፍኗል። የከተማው ሰው «ዛሬማ በረደ» እያለ ጃኬቱን ይቆልፋል፤ ለእኔ ለደብረ ብርሃኗ ግን የሚያዝያ ቀትር ነው። አስተርጓሚዬ ማርቆስ ባጃጅ ይዞ ጠበቀኝ። የሶዶ መምህር ነው፤ ወላይትኛ የአፍ መፍቻው፣ አማርኛው ውኃ፣ ቀልዱ ደግሞ ሰው አይመርጥም።

«ሲስተር፣ እንኳን ደህና መጣሽ! ምነው ዓይንሽ ቀላ? ማን ሞተብሽ?»

«የሀላባ በርበሬ።»

«እሱማ አይሞትም፣ ይገድላል እንጂ» ብሎ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ፔንሲዮን ሳያስገባኝ መጀመሪያ ሥጋ ቤት ወሰደኝ። የበላሁትን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ማክሰኞ

ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ዋልን። በአንድ በኩል የባጃጅ መንገድ፣ በሌላው በኩል ወፍጮ ቤት አለው። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ አቧራና ዱቄት እየቀላቀሉ ይተነፍሳሉ። የሶዶ እናቶች ግን ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ ነው የሚመልሱልኝ፤ ያውም በአማርኛ። አንዷ «የእኔ ልጅ አለርጂክ ነው» ትላለች። ሌላዋ «የእኔስ ሳይነስ አለበት፣ አስምም ጀምሮታል» ትላለች። ቤቴ ያለሁ መሰለኝ፤ እኛም ጋ ሳይነስ የሌለበት ሰው ደብረ ብርሃን የኖረ አይመስለውም። አንዷ እናት ቦርሳዋን ከፍታ ፓፍ አሳየችኝ፤ ለወንድማማች ልጆቿ ይህችኑ አንዷን ነው የምታካፍላቸው።

ወደ ማታ ላይ ፕሮፌሰሩ ደወሉ። መልሱን የምሞላበት ታብሌት የላከላቸውን አይተውታል፣ ደስ ብሏቸዋል።

«ከተማው እንደጠበቅነው ነው ሲስተር። ገጠሩ ደግሞ ንጹሕ አየር ነው፣ ዝቅ ይላል። ታያለሽ።»

ንጹሕ አየር! እኔ ያደግኩት የኩበት ጭስ ዓይኔን እያስለቀሰኝ ነው። የገጠር አየር ንጹሕ የሚሆነው ለሽርሽር ለሚመጣ ሰው ነው። ይህን ልላቸው አሰብኩና ዋጥኩት፤ የመጀመሪያ ሳምንቴ ነው፣ ምን ያስቸኩለኛል ብዬ።

ረቡዕ

ተበላ እስከምትባለው ከተማ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ተበላ ቆላ ነው፤ ከሶዶ ቁልቁል በወረድን ቁጥር ፀሐዩ እየጠበሰን፣ በቆሎው በግራ በቀኝ እየቆመ። የምንሄድበት ቀበሌ ጤና ኬላ ጥላ ሥር እናቶቹ ተቀምጠው ጠበቁን። «ሳሮ! ሳሮ!» ተባባልን፤ ሰላምታቸው ነው። አንዷ ተነስታ የተቀመጠችበትን የእንጨት ዱካ ለቀቀችልኝ፤ እምቢ ብልም አልሰማችኝ።

ታብሌቱ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ልጅዎ ሲተነፍስ የፉጨት ድምፅ ተሰምቶ ያውቃል?» መልሱ «የለም» ከሆነ ታብሌቱ ቀጣዮቹን ጥያቄዎች ይዘላል። ማርቆስ በወላይትኛ ይጠይቃል፣ እናትየዋ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔ «የለም» የሚለውን እነካለሁ። ቀጣይዋ ትመጣለች። የለም። ሌላዋም። የለም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ተቆጥተው ነው የሚመልሱት። ልጆቹ ግን አጠገባቸው ቆመው ያስላሉ፣ ዓይናቸውን ያሻሉ። እንዴ! ምንድን ነው ይሄ ነገር? ፕሮፌሰሩ ልክ ሊሆኑ ነው እንዴ?

መጨረሻ ላይ አስቴር የምትባል ቀጠን ያለች፣ ኮስተር ያለች ሴት መጣች። ሦስተኛ ክፍል የምትማረውን ልጇን ቃልኪዳንን አስከትላለች። አስቴር ገበያ ውላ የለመደችው አማርኛ አላት፤ እዚያ አካባቢ ብዙ ሰው እንደሚናገረው «እሱ»ና «እሷ» ቦታ ይለዋወጡባታል እንጂ የምትለው ሁሉ ይገባል። ማርቆስ ጠይቋት ሳይጨርስ ወደ እኔ ዞራ ፊቷን አጠቆረች።

«አያፏጭም! ሴት ልጅ ነው። ሴት ልጅ አያፏጭም! እኔ ሥርዓት አስተምሬዋለሁ።»

ማርቆስን አየሁት።

«ምን ብለህ ነው የጠየቅካት?»

«የተጻፈውን ነዋ። ልጅሽ ያፏጫል ወይ?»

«በአፍ?»

«ታዲያ በምን ይፏጫል ሲስተር?»

ሳቄ መጣ። ማርቆስም ገባውና ራሱን ይዞ ሳቀ፣ እናቶቹ እኛን አይተው ሳቁ። ቀኑን ሙሉ የጨዋ ልጆች እናቶችን «ልጅሽ ባለጌ ነው ወይ» እያልን ስንጠይቅ ውለናል! እኛስ ጋ ቢሆን ሴት ልጅ ስታፏጭ ማን ዝም ይላታል? ስንስቅ ስንስቅ ቆየንና ድንገት ታብሌቱን አየሁት። ያ ሁሉ «የለም» እኮ አዲስ አበባ ገብቷል።

ልንመለስ ስንል ዝናቡ ወረደ፤ ወረደ ስላችሁ መውረድ አይደለም፣ ተገለበጠ። መንገዱ ጭቃ ሆነ። ማርቆስ ጤና ኬላው ውስጥ አደረ። እኔን አስቴር እጄን ይዛ ጎተተችኝ። «የት ትሄጃለሽ? ወድቀሽ እግር ብትሰብሪ እኔ ነኝ የምታማው» አለችኝ። ባሏ ሩቅ አገር እርሻ ላይ ሥራ ሄዷል። ቤቷ ክብ የሣር ቤት ነው፤ ላሚቱና ጥጃዋ በአንድ ወገን፣ ምድጃው መሃል፣ መስኮት የሚባል ነገር የለም። የእናቴ ቤትም ከበግ ጋር እንዲሁ ነበር፤ ልዩነቱ እኛ በብርዱ አሳብበን ነው የምንዘጋው። ቦይና ቀቅላ በዳጣ አቀረበችልኝ። ቦይና እኛ ጎደሬ የምንለው ነው፤ ከድንች ይከብዳል፣ ይጣፍጣል። የያዝኩትን ብስኩት ሳወጣ ተቆጣች። «እኔ ቤት ነው ያለሽ» አለች። ያለችውን አንድ አልጋ ለእኔ ሰጥታ እሷና ልጇ ሰሌን ላይ ተኙ። ስንት ጊዜ እምቢ ብል ማን ይሰማኛል!

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ አስቴር እሳት አያያዘች። እንጨቱ በዝናብ ርሷልና ቤቱን ጭስ ሞላው። ቃልኪዳን ተነስታ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ደገፈች፣ ትከሻዋ ይነሳል ይወድቃል። ከዚያ ከደረቷ የሚወጣውን ፉጨት ሰማሁት። ከስንት ዓመት ሥራዬ የማውቀው፣ ከገዛ ልጄም ደረት የማውቀው ድምፅ ነው።

አስቴር ዞር ብላ አየቻትና በረጅሙ ተነፈሰች። «ድመቱ መጣ» አለች።

«የምን ድመት?»

«ደረቱ ውስጥ ድመት አለ። ጭስ ሲሆን፣ ዝናብ ሲሆን፣ በቆሎ ስንወቃ ይመጣል። የብዙ ሰው ልጅ አለው።»

የብዙ ሰው ልጅ! ልጅቷን ብድግ አድርጌ ወደ ደጅ አወጣኋት። ልጄ አስም አለበትና ትርፍ ፓፍ ከቦርሳዬ አትጠፋም። ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ቂጡን ቀድጄ፣ ፓፏን ሰክቼ አፏ ላይ ያዝኩላት። «ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ እንደዚያ፣ ጎበዝ የእኔ እናት» እያልኩ ቆየሁ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻዋ ረገብ አለ። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች፤ አንጀቴን በላችው።

አስቴር ግን እጇን አጣምራ በጎሪጥ ታየኛለች። «ይሄ ነገር ሱስ ነው ይላሉ። አንዴ የጀመረ አይተወውም።»

«ሱስ አይደለም አስቴርዬ። አስም ካለባት...»

«አትበይ!» ብላ አፌን በእጇ ልትይዘው ደረሰች። ጎረቤት እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያንን ስም አትበይ። ይጋባል ይላሉ። የሰው ቤት ሲሄድ ኩባያ ይለዩበታል። ትምህርት ቤት ማንም አጠገቡ አይቀመጥም። ነገ ማን ያገባዋል? ድመት በይ። ድመት ከሆነ ሰው ይስቃል፣ ያልፋል።»

እንደማይጋባ ነገርኳት፤ አመነችኝ አልልም። ገና ጨርሶ ያልጠፋውን የልጅቷን ድምፅ በስልኬ ልቅዳው ስላት ብዙ አስባ «ቅጂ፣ ስሙን ግን አትጥሪ» አለችኝ። ቃል ገባሁላት።

ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥቼ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው፤ ፉጨቱንም፣ ድመቱንም። ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ።

«ሲስተር፣ ጥያቄው በብዙ አገር ያገለገለ ጥያቄ ነው። ቃሉን ከቀየርን ማንንም ከማንም ማወዳደር አንችልም። ድመት የሚል ምርጫ የለም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«የመለሱት መልስ ይያዝ። ነገ ወደ ቀጣዩ ቦታችን፣ ዲምቱ ትገቢያለሽ፣ መኪና ተዘጋጅቷል።»

«ፕሮፍ፣ "የለም" ተብሎ ከተያዘ እኮ ፓፉ እዚህ አይመጣም።»

«ለእያንዳንዱ መንደር ቃል ስንቀይር ጥናት አይሆንም።»

ደሜ ፈላ። ጧት ደጅ ላይ ያቀፍኳት ልጅ ትንፋሽ ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

«ዲምቱ አልሄድም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አልሄድም። ያልጠየቅናቸውን ጥያቄ "የለም ብለው መለሱ" ብዬም ሪፖርቱ ላይ አልፈርምም። እነዚህ ሴቶች የተጠየቁት ልጆቻቸው ባለጌ እንደሆኑ ነው፣ የመለሱትም እሱን ነው።»

«ሌላ አስተባባሪ መቅጠር እንደምንችል ታውቂያለሽ?»

«ይቅጠሩ። የሚቀጥሯትም ሴት ይህን ድምፅ ትሰማለች።» የቀዳሁትን በስልኩ አሰማኋቸው። እሳቸውም ድሮ ሕፃናት ያከሙ ሐኪም ናቸው፤ ምን እንደሆነ ልነግራቸው አላስፈለገም። በመጨረሻ እኔው መላ አመጣሁ። ነገ እናቶቹን ሰብስቤ፣ ቃል የሚባል ነገር ትቼ፣ ድምፁን ብቻ ላሰማቸው፤ እሳቸውም በስልክ ይስሙ። የልጄ ደረት እንዲህ ይላል የምትል ካለች ጥያቄው ለሁሉም እንደገና ይጠየቅ። አንድም ሴት ካልተነሳች ፈርሜ ዲምቱ እሄዳለሁ።

«እሺ» አሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

ወርጄ ለአስቴር ነገርኳት። ምንም ሳልደብቅ፣ ማንም ካልተነሳ መድኃኒቱ ሶዶ ላይ እንደሚቀር ነገርኳት።

«ለምን? የሶዶ ልጅ ብቻ ነው የሚተነፍሰው?» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «እኔ ግን ሰው ፊት አልናገርም። አታስቢው።»

አልፈረድኩባትም። እኔ ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ቤቴ ሂያጅ ነኝ፣ እሷ ግን እዚሁ ነዋሪ ናት።

ዓርብ

የዲምቱው መኪና ከጧት ጀምሮ ጤና ኬላው በር ላይ ቆሟል፤ ሾፌሩ ክላክስ እያደረገ «እንሂድ እንጂ» ይላል። «ጠብቅ!» አልኩት፤ ቁጣዬን የተወጣሁት በእሱ ነው፣ ይቅር ይበለኝ። እናቶቹ ከረቡዑ በዝተው መጡ። አስቴርም ከኋላ፣ ቃልኪዳንን ጉያዋ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። ለፕሮፌሰሩ ደውዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ማርቆስ የዚያን ቀን አልቀለደም። «አንድ ድምፅ ትሰማላችሁ። ልጇ እንዲህ የሚል እናት ካለች ትነሳ» አላቸው በወላይትኛ።

የተቀዳውን ወደ ማርቆስ ስልክ ልኬው ነበርና በእሱ አጫወትኩት። ያ የትንሽ ደረት ድምፅ ጥላው ሥር ተሰማ፤ ይስባል፣ ይጎተታል፣ እንደገና ይስባል። ሁሉም አውቀውታል፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። አንዷ ልጇን ወደ ጀርባዋ ደበቀች። አንዷ ሻሿን ፈትታ መልሳ አሰረች። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ፣ የተነሳ ግን የለም።

«ሲስተር?» አለ ስልኩ። «የተነሳ አለ?»

«እስካሁን... የለም።»

«እንግዲህ አየሽው። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም።»

ማርቆስ ፊቱን አዞረ። ልዘጋው እጄን ወደ ስልኩ ዘረጋሁ። ያኔ ከኋላ አንድ ዱካ ተገለበጠ።

አስቴር ቆማለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ቃልኪዳን ቀሚሷን ይዛ ልታስቀምጣት ትጎትታለች፤ አስቴር የልጇን እጅ ፈትታ በእጇ ያዘችና በሰዎቹ መሃል እየረገጠች ወደ ጠረጴዛው መጣች። ስልኩን አንስታ አፏ ድረስ አስጠጋችው።

«አንቺ ፕሮፌሰር» አለች። እኔ አላረምኳትም፣ እሳቸውም አላረሟትም። «ልጅ አለሽ?»

«አለኝ» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ይተነፍሳል?»

ቃልኪዳንን ወደ ጎኗ ሳብ አደረገቻት።

«ይሄ ድምፅ የእኔ ልጅ ነው። ስሙ ቃልኪዳን ነው። ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ጎበዝ ነው፣ አያፏጭም። ድመት አለው ብዬ ነበር። ድመት አይደለም።» ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ እያየች ቀጠለች። «አስም ነው። በቃ፣ አልኩት! ኩባያ የምትለዩ ለዩ። ፕሮፌሰር፣ የለም አትበይ። አለ። ጻፊ!»

ስልኩን ሰጠችኝ። ማርቆስ ያለችውን በወላይትኛ ሊደግምላቸው ጀመረና ተወው፤ አላስፈለገም። በቀኝ በኩል ልጇን ከጀርባዋ የደበቀችው ሴት ልጇን ወደ ፊት አመጣችው። «ታአኒ» አለችና፣ እኔ እንድሰማት በአማርኛ ደገመችው፦ «የእኔም።» አጠገቧ ያለችው ተነሳች። ከዛፉ ሥር ሌላ፣ ከበሩ ጎን ሌላ።

«ሲስተር» አሉ ፕሮፌሰሩ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆኗል። «ስንት ናቸው?»

«ገና እየተነሱ ነው» አልኳቸው። «ይጠብቁ።»